ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ሙሉ ሲሆን ሞጆ ላይ የሚታነቅ ዲኤክስ፦ መተንፈሻው ይሆን?

ባለዲኤክስ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ባለካርብሬተር፣ የቤንዚን ፓምፗም ሞተሩ ጎን ላይ የሚታሰረው መካኒካሉ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ችግሩ የሚመጣው በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስንወርድ ነው። ከ90 እስከ 100 እየሄደች 40 ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ፣ ሞጆ ስንቃረብ፣ መጀመሪያ ትንተፋተፋለች፣ ቀጥሎ ቤንዚን መስጫውን ቢረግጡትም አትጨምርም፣ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ትጠፋለች። 15 ደቂቃ ቆማ ስትነሳ ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች።

እስካሁን የተሠራው፦ የቤንዚን ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ካርብሬተር ተፈቶ ታጥቧል፣ ፓምፑ በአዲስ ተተክቷል፣ ካንዴላና ፑንቲና አዲስ ነው። ለውጥ የለም። አሁን የተሰጠኝ ምክር «የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግዛ» የሚል ነው።

ግራ የሚያጋቡኝ ነገሮች አሉ። ሙሉ ስትሞላ ነው የሚብስባት፤ ግማሽ ሲሆን ሳትጠፋ አዳማ የምትገባበት ጊዜ አለ። ስትመለስ ደግሞ መንገዱ ዳገት ሆኖ ሳለ ይሻላታል፤ ይሄ ጭራሽ አልገባኝም። ሌላው፣ ከ2 ወር በፊት የቤንዚን ክዳኗ ተሰርቆ ሌላ ተገዛ፤ በደንብ አልገጥም ስላለ ከካላማዳሪያ ጎማ ተቆርጦ ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተሠራለት። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ግን ክዳን ከሞተር ጉልበት ጋር ምን አገናኘው?

ቶሎቶሎ
ክዳኑን በ2 ሚሊ መብሻ ብሳው፣ አለቀ። አየር አጥቷል።

ፋሼታ
የኤሌክትሪክ ፓምፑን አትግዛ። ግራ አጋቡኝ ያልካቸውን ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ አንብባቸው፤ ሰልባትዮው እንደማይተነፍስ ራስህ ጽፈኸዋል።

5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አዘቅዝቀህ ስትቀዳ ጎኑ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ፣ ዘይቱም እየቆረጠ እየቆረጠ እንደሚወርደው ነው። ከሰልባትዮው 1 ሊትር ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ 1 ሊትር አየር መግባት አለበት። ካልገባ ውስጥ ያለው አየር ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ይሳሳል፤ ግፊቱ ይወርዳል።

ሙሉ ሲሆን ለምን እንደሚብስ በቁጥር እንየው። 50 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሰልባትዮ እንውሰድ፣ አየር ፈጽሞ እንደማይገባበትም እንቁጠር። አዲስ አበባ መሀል፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው። ሰልባትዮው ውስጥ ከዚህ ላይ 0.33 ያህሉን የያዘው የቤንዚን ትነት ነው (20 ዲግሪ ሙቀት ላይ)፤ የቀረው 0.43 አየር ነው። ጢም አድርገህ ስትሞላ ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ 4 ሊትር ነው እንበል። ሞጆ እስክትደርስ 4 ሊትር አቃጠልክ፤ ባዶው ቦታ 8 ሊትር ሆነ። አየሩ እጥፍ ቦታ ላይ ስለተበተነ 0.43 የነበረው 0.21 ገባ። ትነቱ ከቤንዚኑ እየተነሳ ራሱን ስለሚተካ እዚያው 0.33 ላይ ይቆያል። ድምሩ 0.55 አይሞላም።

ሞጆ ደግሞ ከፍታዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ የውጩ ግፊት 0.82 አካባቢ ነው። በውስጥና በውጭ መካከል 0.27 ባር ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። የሰልባትዮው ላይኛ ፊት 50 በ60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይህ 800 ኪሎ ተጭኖበት እንደማለት ነው። ያንን ቆርቆሮው አይችለውም። በእርግጥ በየጉርኒሲዮኑ ትንሽ ትንሽ አየር ስለሚሾልክ፣ ቤንዚኑም መንገድ ላይ ስለሚሞቅ፣ ልዩነቱ እዚህ ድረስ አይሄድም፤ ግን ሩቡም ቢሆን በቂ ነው።

አሁን ግማሽ ይዘህ ስትነሳ አስላው። ባዶው ቦታ 25 ሊትር ነው፤ 4 ሊትር ሲቃጠል 29 ይሆናል። አየሩ ከ0.43 ወደ 0.37 ብቻ ነው የሚወርደው። ልዩነቱ 0.12 ባር፣ ከግማሽ በታች። ፊልትሮ ወይም ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ ሞላ ጎደለ ግድ አይሰጠውም ነበር።

የመመለሻው ነገርም እንደዚሁ ነው። ስትወርድ የውጩ ግፊት እየጨመረ ስለሚሄድ ልዩነቱን ያብስብሃል። ከአዳማ ስትወጣ የውጩ አየር ራሱ እየሳሳ ይሄዳል፤ በከፍታው ብቻ 0.07 ባር ያህል ይመለስልሃል። ዳገቱ ሞተሩን ያደክመዋል፣ ሰልባትዮውን ግን ያሳርፈዋል። ዓባይ በረሃም ይኸው ነው፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ መውረዱ ነው ለተዘጋ መተንፈሻ ፈተናው፣ ወደ ደጀን መውጣቱ አይደለም። የተዘጋ መተንፈሻ ያለው መኪና ሽቅብ ሲወጣ፣ በተለይ ቤንዚኑ ከሞቀ፣ ነገሩ ተገልብጦ ሰልባትዮው ወደ ውጭ ይነፋና የቤንዚን ሽታ ያመጣል።

ፓምፑ ለምን ይሸነፋል? መካኒካሉ ፓምፕ ከፊት ሞተሩ ላይ ሆኖ ከኋላ ካለው ሰልባትዮ በቀጭን ቧንቧ ይስባል። ወደ ካርብሬተር የሚገፋበት ግፊት ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው፤ አቅሙ ይኸው ነው። ቧንቧው ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ፣ ሞተሩ አጠገብ ደግሞ ሲሞቅ፣ ቤንዚኑ እዚያው ይፈላል። ፓምፑ አረፋ ይስባል። ካርብሬተሩ ውስጥ ያለው ማቆሪያ ይጎድላል፣ ቅልቅሉ ይሳሳል፣ የምትለው መንተፋተፍ ይመጣል። ሲጠፋ መሳቡ ያቆማል፤ አየሩ ባገኘው ጠባብ ቀዳዳ ቀስ እያለ ይገባል፤ 15 ደቂቃህ እሱ ነው።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከፊት ብታስር ያንኑ አረፋ ነው የሚስበው። ከኋላ ሰልባትዮው ሥር ብታስረው ደግሞ ለጊዜው ይሠራል፤ እየሳበ እየሳበ ሰልባትዮውን እስኪያጨማድደው ድረስ።

ቁርጡን የሚለይልህ ሙከራ ይህ ነው። መታነቅ ስትጀምር ሙሉ በሙሉ ከመንገዱ ውጣና አቁም፣ ባለሦስት ማዕዘኑን ምልክት አስቀምጥ፣ ሞተሩን አጥፋ። 15 ደቂቃ አትጠብቅ። ከመዳፍ የሚበልጥ የፌስታል ቁራጭ ያዝ (ትንሽ ከሆነ ሰልባትዮው ውስጥ ትጥለዋለህ)። ክዳኑን ቀስ ብለህ አላላውና ፌስታሉን አፉ ላይ አስጠጋ። «እፍፍ» እያለ ወደ ውስጥ ከሳበው ቫኪዩም ነው። ወደ ውጭ ከገፋው የታመቀ ትነት ነው፤ ያኔ ፊትህን አርቀህ ቀስ ብለህ ክፈት፣ ቤንዚን ሊረጭ ይችላል። ሲጋራ አጠገብህ አይኑር። ከዚያ ወዲያው አስነሳ። ማቆሪያው ስለጎደለ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ትንሽ ይፈልጋል፤ ከ10 ሰከንድ በላይ አታስጩኸው፣ 30 ሰከንድ አሳርፈህ ድገም። ክዳኑ በተከፈተ በ1 ደቂቃ ውስጥ ተነስታ በሙሉ ጉልበት ከሄደች ነገሩ ተለየ። ክዳኑ ተከፍቶም 15 ደቂቃዋን ከፈለገች ግን ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው) ወይም ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን መሳቢያ የዘጋ ቆሻሻ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

አንድ ነገር ልብ በል። በእነዚህ መኪናዎች አየር የሚገባበት በር ሁለት ነው። አንዱ ክዳኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቫልቮላ ናት፤ ቫኪዩም ሲበዛ ትከፈታለች። ሁለተኛው ከሰልባትዮው አናት ተነስቶ ኮፈን ሥር ወዳለው የከሰል ጣሳ፣ ካኒስተር ወደሚባለው፣ የሚሄደው ቀጭን ቧንቧ ነው። የካላማዳሪያው ጎማ ክዳኑን ዘግቶታል ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ ዓይነት ጎማ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ የቫልቮላዋን ቀዳዳ ይጋርዳል። ግን ሁለተኛው በር ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ብቻውን መኪናዋን አያጠፋትም ነበር። ስለዚህ ያም ተዘግቷል፤ ምናልባት ከዓመታት በፊት፣ ክዳኑ ሸፍኖለት ሳታውቀው ኖረሃል።

ኮፈኑን ከፍተህ ከኋላ የሚመጡትን ቧንቧዎች ቁጠር። ሦስት ናቸው፦ ወፍራሙ፣ 8 ሚሊ ገደማ፣ ወደ ፓምፑ የሚገባው ነው። ከቀጫጭኖቹ፣ 6 ሚሊ ገደማ ከሆኑት፣ አንዱ ትርፍ ቤንዚን መላሽ ነው፤ ሁለተኛው መተንፈሻው ነው። ካኒስተሩ ተነቅሎ ከተጣለ ያ ሁለተኛው «ትርፍ ቱቦ» ተብሎ የሆነ ነገር ተወትፎበት ታገኘዋለህ።

ቶሎቶሎ
ያው እኔ ያልኩት ነው እኮ፣ አንተ በሂሳብ አሳመርከው። 2 ሚሊ ቀዳዳ፣ 2 ደቂቃ ሥራ። ለአሮጌ ዲኤክስ ካኒስተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ መንከራተት ምን ያደርጋል?

ፋሼታ
ምርመራህ ትክክል ነው ወንድሜ፣ አልካድኩም። መድኃኒቱ ላይ ነው የማልስማማው።

ቀዳዳዋ አየር እንደምታስገባ ሁሉ ቤንዚንም ታስወጣለች። ሙሉ ሰልባትዮ ይዘህ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ በጎን በኩል ይረጫል፣ ቀለሙን ይበላዋል። ቀን ፀሐይ ላይ ስትቆም ትነቱ በነፃነት ይወጣል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ሽቅብ አይሄድም፣ ወደ መሬትና ወደ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ነው የሚወርደው። ክረምት ሲሆን ደግሞ የዝናብ ውሃ በዚያችው ቀዳዳ ይገባል። ውሃ ከቤንዚን ሥር ይዘቅጣል፣ የመሳቢያው አፍ ደግሞ ያለው ታች ነው። ካርብሬተር በየወሩ ማጠብ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

መንገድ ላይ ከቸገረህ ክዳኑን ትንሽ አላልተህ ቀስ ብለህ ቤትህ ግባ፤ ሙሉ እስካልሆነ ድረስ። መብሻ የሚያስነሳ ጉዳይ የለም።

ባለቪትዝ
ይቅርታ በመሀል ልግባ። ቪትዝ 2003 ሞዴል ናት፣ ኢንጄክሽን። ጉልበት አላጣችም። ግን ማደያ ላይ መቅጃው በየ3 እና 4 ሊትሩ ጠቅ እያለ ይቆማል፣ አንዳንዴ ቤንዚን ወደ ውጭ ይመልሳል። ቀጂዎቹ ተሰላችተውብኛል። ይሄም መተንፈሻ ነው?

ስካነር
@ባለቪትዝ ወገኑ አንድ ነው፣ ግን የአንቺ በር ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስትሞዪ በደቂቃ 30 እና 40 ሊትር ሲገባ ያንኑ ያህል አየር መውጣት አለበት። ይህን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ቀጭኑ የካኒስተር ቧንቧ አይደለም፤ ከመሙያው አንገት ጎን ለጎን የሚወርድ ወፈር ያለ ሌላ ቱቦ አለ። እሱ ከታጠፈ ወይም ጭቃ ከጎረሰ አየሩ ቤንዚኑ በሚገባበት አንገት በኩል ሊወጣ ይታገላል፣ ቤንዚኑን ይዞት ይመጣል፣ የመቅጃው ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ በቤንዚን ስትሸፈን ጠቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የኋላውን ቀኝ ወይም ግራ ጎማ (መሙያው ባለበት በኩል) አስፈቺና የጭቃ መከላከያውን ፕላስቲክ አንስተሽ ሁለቱን ቱቦዎች በዓይንሽ ተከተያቸው። ከላሜራ ሥራ በኋላ ወይም ሰልባትዮ ወርዶ ከታሰረ በኋላ የጀመረ ከሆነ ቱቦው በሰልባትዮውና በወለሉ መሀል ተቆንጥጧል። የሥር ካትራሜ (ሬንጅ) ከተረጨ ወዲህ ከሆነ ደግሞ ካትራሜው የካኒስተሩን የአየር መግቢያ ደፍኖታል። ተርብም ጭቃዋን የምትሠራው እንደዚህ ዓይነት ጠባብ አፍ ስታገኝ ነው።

እሱ ደህና ከሆነ ወደ ካኒስተሩ ሂጂ። እንደ ሞዴሉ ኮፈን ሥር ወይም ከኋላ ሰልባትዮው አጠገብ ይታሰራል። ሦስት አፍ አለው፦ ከሰልባትዮ የሚመጣ፣ ወደ ሞተር የሚሄድ፣ ለንጹሕ አየር ክፍት የሆነ። ነቅለሽ አውጪው፣ ወደ ሞተር የሚሄደውን በጣት ዝጊ፣ በሰልባትዮው አፍ በኩል በትንሽ ግፊት ንፊ። በሦስተኛው አፍ ያለ ትግል መውጣት አለበት። የሚታገል ከሆነ ከመኪናው ተነቅሎ እንዳለ በኮምፕረሰር፣ ከ3 ባር ሳይበልጥ፣ በዚያው አቅጣጫ ይነፋል። በውሃም በቤንዚንም አይታጠብም። የከሰል ፍሬ ከወጣ ዕድሜው አልቋል፣ ቀይሪው፤ ያ ፍሬ ፐርጅ ቫልቭ (ትነቱን ወደ ሞተር የሚያሳልፈው) ውስጥ ገብቶ ክፍቱን ያስቀረዋል፣ ከዚያ ቤንዚን በሞላሽ ቁጥር አልነሳም የሚል መኪና ይኖርሻል።

ኮምፕረሰሩን ሰልባትዮው ላይ እንዳይሞክሩት ግን። የጎሚስታ ኮምፕረሰር 8 ባር አለው፤ ሰልባትዮ 0.3 ባር የማይችል ዕቃ ነው፣ ውስጡም በቤንዚን ትነት የተሞላ። ወደ ሰልባትዮ የሚሄደው ቧንቧ የሚነፋው ክዳኑ ተከፍቶ፣ በእጅ ፓምፕ፣ ቀስ እያለ ነው። ሰልባትዮው ውስጥ የቡልቅ ቡልቅ ድምፅ ከተሰማ የቧንቧው አፍ ቤንዚን ውስጥ ተነክሯል፤ ወይ ከልክ በላይ ሞልቷል፣ ወይ መኪና ሲገለበጥ ቤንዚን እንዳይፈስ አናቱ ላይ የምትቀመጠው ቫልቭ ተሰብራለች።

ጉልበት አላጣችም ማለትሽ አይገርምም። በኢንጄክሽን መኪና ፓምፑ ሰልባትዮው ውስጥ ነው፣ በ3 ባር እና ከዚያ በላይ ይገፋል። ሰልባትዮው ውስጥ 0.1 ባር ቢጎድል ወደ መርጫዎቹ የሚደርሰው ግፊት በ3 በመቶ ያህል ቢቀንስ ነው፤ ያንን ኮምፒዩተሩ መርጫውን ትንሽ አቆይቶ በመክፈት ይሸፍነዋል። የሚቸገረው ቤንዚኑ ሞቆ ፓምፑ አፍ ላይ መፍላት ሲጀምር ነው፤ ያኔ ከኋላ ወንበር ሥር እንደ ንብ ያለ ጩኸት ይሰማል። ስለዚህ ባለካርብሬተር ላይ ጉልበት ሲጠፋ መተንፈሻ ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ነው፤ ኢንጄክሽን ላይ ግን የፓምፑ ወንፊትና ፊልትሮው ይቀድማሉ።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒዩተር ማንበቢያ) ያለው ሰው በቀላሉ ይለየዋል። ረዥም ጊዜ የሚቆየውን የቤንዚን እርማት ቁጥር አስነብቡት። በዝቅተኛ ዙር ዜሮ አካባቢ ሆኖ በከፍተኛ ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ ክዳኑ ላላ ሲል ደግሞ ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ መተንፈሻው ነው። የስህተት ኮድ ፒ0171 ቅልቅሉ ሳሳ ነው የሚለው፣ ምክንያቱን አይናገርም። ፒ0446 የመተንፈሻውን ቫልቭ መቆጣጠሪያ ነው የሚጠራው፤ ይህ ቫልቭ ግን በሁሉም መኪና ላይ የለም። ካለ፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ክፍት ነው፣ 12 ቮልት ሲሰጠው ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ፐርጅ ቫልቩ ተቃራኒው ነው፣ ሳያገኝ ዝግ። ሁለቱን እያምታቱ የሚሸጡ አሉና ከመግዛትሽ በፊት በአፍሽ ነፍተሽ እይ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ መቅጃው አንዴ ጠቅ ካለ በኋላ «ግጥም አድርገው» አይባልም። ቤንዚን በየ1 ዲግሪው ከ1,000 አንድ እጅ ገደማ ይሰፋል። 45 ሊትር በ20 ዲግሪ ተሞልቶ አዋሽ ላይ 40 ዲግሪ ሲገባ 0.85 ሊትር ይጨምራል። ያ ቦታ ካላገኘ በመተንፈሻው ቧንቧ ነው ወደ ካኒስተሩ የሚሄደው፣ ከሰሉም ፈሳሽ ሲጠጣ አየር ማሳለፍ ያቆማል።

የናፍጣሰው
ለናፍጣ ነጂዎችም ልጨምር፣ ምክንያቱም አይሱዙ ላይ ይሄ ነገር በየቀኑ ያጋጥማል። ካኒስተር የለም፤ ሰልባትዮው አናት ላይ አጭር ጎማ ወይም ባለቀዳዳ ክዳን ብቻ ነው፣ በአቧራና በናፍጣ ቅባት ተቦክቶ ይዘጋል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይተንም፣ ስለዚህ ከላይ @ፋሼታ ያሰላው 0.33 ባር እርዳታ እዚህ የለም፤ ቫኪዩሙ ቶሎ ይከፋል። ምልክቱ ሁለት ነው፦ ጭነት ይዞ ሲወጣ አይስብም፤ ሌሊት አድሮ ጠዋት በእጅ ፓምፕ ካልተነፋ አይነሳም። ሰልባትዮው በመስመሩ ያለውን ናፍጣ ወደ ኋላ መጦ፣ በየፋሼታው (የጎማ ማሰሪያው) ሥር አየር አስገብቶ ስለሚያድር ነው። የእጅ ፓምፑ ተጭኖ ወደ ላይ ካልተመለሰ ክዳኑን ክፈቱና እዩት። ባለሁለት ሰልባትዮ ከሆነና በመሀል ቧንቧ ከተገናኙ፣ የአንዱ መተንፈሻ ሲዘጋ ሌላው ብቻ እየጎደለ ይሄዳል፤ ያንን ብዙ ሰው ስርቆት ነው እያለ ረዳት ያባርርበታል።

ባለዲኤክስ
ተገኘ። ሙከራውን ቢሾፍቱን አልፎ አደረግኩት፤ ፌስታሉን ከእጄ ሊነጥቀኝ ነበር። ክዳኑ እንደተከፈተ ወዲያው ተነሳች።

የካላማዳሪያው ጎማ አብጦ በመሀሉ የነበረችውን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ጋርዷታል። ኮፈን ሥር ደግሞ እንደተባለው ሦስተኛው ቧንቧ ላይ አሮጌ ጎማ አለ፣ ጫፉ ላይ ባለ8 ቡሎን ተወትፎ በፋሼታ ታስሯል። የካኒስተሩ ማሰሪያ ብረት አለ፣ ካኒስተሩ የለም።

ጥያቄዎች፦ ክዳን ስገዛ ምኑን ልይ? ካኒስተር እስካገኝ ቡሎኑን ነቅዬ ክፍቱን ልተወው? ጎማውን ለመቀየር የግሉኮስ ላስቲክ ይሆናል ተብያለሁ፣ ይሆናል?

ፋሼታ
ክዳኑን ገልብጠህ እይ። መሀሉ ላይ ባለ ስፕሪንግ ቫልቮላ ያለው መሆን አለበት፤ በክብሪት እንጨት ቀስ ብለህ ስትጫናት ትገባለች፣ ስትለቃት ትመለሳለች። አሮጌ ከሆነ በሳሙና ውሃ አጥበህ አድርቀውና ከውስጥ በኩል ባለው ፊት ምጠጠው፦ አየር መስጠት አለበት። ስትነፋው ደግሞ መዝጋት አለበት። የራሱን ጉርኒሲዮን ይዞ ካልገጠመ ተወው፤ ጎማ ቆርጦ ማጋጠም እዚህ አድርሶሃል። ቁልፍ ያለው ብትገዛ ዳግም አይሰረቅም።

ቡሎኑን ንቀል፣ ግን ክፍቱን ሞተር አጠገብ አትተወው። የትነቱ አፍ ከዲስትሪቢውተሩና ከማርሚታው አጠገብ መሆን የለበትም። ለጥቂት ቀን ከሆነ ጎማውን አስረዝመህ ወደ ፋየር ዎሉ (ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ግድግዳ) ጥግ፣ ከሞተሩ ራቅ አድርገህ ከፍ ብሎ እንዲያልቅ እሰረው፤ ጫፉ ላይ ትንሽዋን ላስቲክ የቤንዚን ፊልትሮ ሰካባት፣ አቧራ እንዳይገባ። ቀስቱ ወደ ሰልባትዮው ይሁን። በዚህ እንዳትቀር ግን፤ ከተፈታ ዲኤክስ ላይ ካኒስተሩን ከነማሰሪያው ፈልግ። ከመክፈልህ በፊት እንደ @ስካነር አድርገህ ንፋው፣ ነቅንቀውም፤ ውስጡ እንደ ጽናጽል ከተንሿሿ ከሰሉ ተፈርክሷልና አትውሰደው።

የግሉኮስ ላስቲክ አይሆንም። ፕላስቲኩ ቤንዚን ሲነካው መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቆይቶ እንደ ማካሮኒ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ሞተር አጠገብ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ተጣብቆ ራሱን ይዘጋል፣ ቡሎኑን መልሰህ ወተፍክ ማለት ነው። የቤንዚን ጎማ ግዛ፣ ውስጠኛ ስፋቱ 6 ሚሊ፣ ሁለት ሜትር ይበቃሃል። ፋሼታውን ጎማው እስኪቆረጥ አታጥብቀው፤ እዚህ መስመር ላይ ግፊት የለም። ሲታሰር ደግሞ ጎማው መሀሉ ላይ ረገብ ብሎ ጎድጓዳ እንዳይሠራ። የወጣው ትነት ሌሊት ቀዝቅዞ እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ቤንዚን ሆኖ ይጠራቀምና፣ ጠዋት ያለ ቡሎንም ያለ ካላማዳሪያም መተንፈሻህን ዘግቶ ይጠብቅሃል።